ድንኳናችንን ተከራይተው ፕሬዝዳንት ሊሆኑ ላሰቡት እጩ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከድሬዳዋ

ለተከበሩ የግል እጩ ተወዳዳሪ
ለምርጫ አስተባባሪ ኮሚቴዎም
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ስለ ድንኳናችን፣ ስለ ጥያቄያችንና ስለ ድምፃችን

ጤና ይስጥልኝ።

ስምዎን በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጻፍኩም። የሚያውቅዎ ያውቅዎታል። እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ የእድራችን ደንብ ደግሞ የፖለቲከኛን ስም በበጎም በክፉም አታንሱ ይላል። እርስዎ በየመድረኩ «እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም፤ ነጋዴ ነኝ» ይላሉ። ይሁን። የምርጫ ምልክት ከወሰዱ በኋላ ግን ደንቡ እርስዎንም ይጨምራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። ስለ ድንኳኑ የምጽፈው በእድሩ ስም ነው። ጠቅላላ ጉባኤው እጁን አውጥቶ ጻፊ ብሎኛል። ስለ ድምፁ የምጽፈው ግን በራሴ ነው። ከአባሎቻችን መካከል እርስዎን የሚመርጡ አሉ። አንዱ ባጃጅ የሚነዳው ልጄ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይነጫነጫል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ማታ፣ ሁለት አስተባባሪዎችዎ ወደ እድራችን ዕቃ ቤት መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ቅዳሜ ከሰዓት እጩው ከሕዝብ ጋር ይተዋወቃሉ፣ ድንኳንና 80 ወንበር አከራዩን አሉ። ማከራየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ለሠርግም ለመውሊድም ለተዝካርም እናከራያለን። ከኪራዩ የምናገኘው ለአቅመ ደካማ አባሎቻችን ይውላል። «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ መልሱ» ብለን አስፈርመን ሰጠን።

ቅዳሜ ሌሊት አንዲት እናታችን አረፉ።

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ስልክ አይነሳም። 1 ሰዓት ላይ ተነሳ። «ሹፌሩ አሁን መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ። ሹፌሩ የመጣው ማክሰኞ ነው።

የድሬን የግንቦት ፀሐይ ለእርስዎ ማስረዳት ይኖርብኝ ይሆናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ለቀስተኛው የግድግዳ ጥላ እየተከተለ ወንበሩን ሲያዞር ዋለ። የባጃጅ ልጆች ከየቤታቸው ሸራ ሰብስበው በገመድ አሰሩልን። ንፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ጥግ ይፈታል፤ አንዱ ልጅ ይዞት ይቆማል። የሟች ልጅ ከጅቡቲ ደርሶ እናቱን የቀበረው እንዲህ ሆነን ነው። እድር ማለት፣ አፎቻም በሉት፣ ለዚያች አንድ ቀን የሚቆም ነገር ነው። ሰው ዓመት ሙሉ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለው ለዚያች ቀን ነው። እኛ በዚያች ቀን ባዶ እጃችንን ቆምን።

ማክሰኞ የተመለሰው ድንኳን በአንድ ጎኑ ተቀዷል። ወንበሩ 74 ነው። የእኛ ያልሆነ ዕቃም ተጠቅልሎ አብሮ መጣ። ስንዘረጋው ባነር ሆነ። የእርስዎ ፎቶ አለበት፤ ከጎኑ በትልቁ «ቀጣዩ ፕሬዝዳንት» ይላል። አንዲት አዛውንት «ይሄ ጥሩ ላስቲክ ነው» ብለው ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ አነጠፉት። እኔ አላነጠፍኩትም። አላነሳሁትምም።

አስተባባሪዎን «የት ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማዘር፣ ትልቅ ነገር ላይ ነን፤ አገር ነው የምንቀይረው» አለኝ። አልተቆጣሁም። ዕድሜው ከልጄ ያንሳል። ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ገንዘቡም ይነሳ። መድረኩ ላይ ለእድራችን 20,000 ብር ሰጥተዋል፤ በካሜራ ተቀርጿል። ሊቀመንበራችን ሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ከብዷቸው ተቀበሉ። ብሩ እስካሁን አልተነካም፤ በፖስታ ታሽጎ ተቀምጧል። የእድሩ ደንብ ከእጩ ስጦታ አይቀበልም። ሰው ልኩና ፈርሞ ይውሰድ። የድንኳኑን ጥገናና የ6 ወንበር ዋጋ በሌላ ደረሰኝ እንጠይቃለን። ስጦታና ዕዳ አይጣፉም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ያን ቅዳሜ እኔም ከታዳሚው መካከል ነበርኩ። ጥያቄ በወረቀት ጻፉ ተባልን። ጻፍን። የተነበቡት አራት ናቸው። አንዱ «የስኬትዎ ሚስጥር ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ይጠይቃል። አራት ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ ነገሩን፤ ተጨበጨበ። ድሬ ላይ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም እኛም ከዚያ በላይ አንተኛም። ያጨበጨበልን ግን የለም።

ማክሰኞ ድንኳኑን ስናራግፍ የቀሩት ወረቀቶች ከእጥፋቱ ውስጥ ረገፉ። 36 ናቸው። የእኔም አለችበት። ሁሉንም አነበብኳቸው፤ ይቅርታ አልጠይቅም። አንዱ ስለ ውሃ ይጠይቃል። አንዱ ከከተማ ወጣ ብሎ ስላለው ስለ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ይጠይቃል፤ እዚያ ለመድረስ የሚከፈለው የባጃጅ ሒሳብ ያማርራል። አንዷ በእርሳስ፣ በጣም በትናንሽ ፊደል፣ «ልጄ በየመን በኩል ወጥቶ ጠፋ፣ እርስዎ ሰው ያውቃሉ ወይ?» ብላለች። ይቺን ወረቀት ለብቻ አስቀምጫታለሁ።

ከሁሉ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን አልተጻፈም። ስለ ወንበር ካነሳን፣ እርስዎ የሚፈልጉት የትኛውን ወንበር ነው?

በእኛ አገር ሕዝብ ፕሬዝዳንት አይመርጥም። ሕገ መንግሥቱን ማንም ከፍቶ ያየዋል፤ አንቀጽ 70 ነው። እጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚመረጠውም የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ዘመን በላይ አይቻልም። ድሬዳዋ ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ያሏት 2 ብቻ ናቸው። እርስዎ የተመዘገቡት ከሁለቱ ለአንዱ ነው። ባነሩ ላይ ያለው ወንበር የእኛ አይደለም፤ ልንሰጥዎ አንችልም።

ቢያገኙትስ? ፕሬዝዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ጉባኤ ይከፍታሉ። በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደር ይሾማሉ። ኒሻን ይሸልማሉ፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋሉ። የወጣ ሕግ ይፈርማሉ። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል፤ አንቀጽ 57 ነው። የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዘንድ ነው። እርስዎ ግን «ፕሬዝዳንት ስሆን የድሬን ውሃ እቀይራለሁ» ብለው ሄዱ። ድሬ ውሃ ያፈላ ሰው ያውቀዋል፤ ማፍያው ውስጥ ነጭ ኖራ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። እሱ በኒሻን አይለቅም።

ይህ ሁሉ ይቅርና አንድ የምትገርም ነገር ልንገርዎ። ያው አንቀጽ 70 በንዑስ ቁጥር 3 የምክር ቤት አባል ፕሬዝዳንት ሆኖ ከተመረጠ የነበረውን ወንበር ይለቃል ይላል። እንግዲህ እንደ ባነርዎ ከሆነ የምንመርጥዎ እንዲለቁን ነው። ሰልፍ ቆመን፣ ጣታችንን ቀለም ነክረን፣ ከሁለት ወንበራችን አንዱን ባዶ እናደርጋለን። ይህን ለልጄ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አቦ አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ» አለኝ።

መንገዱ ጭራሽ የለም አልልም። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1992ቱ ምርጫ በበቾ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። በ1994 ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ 12 ዓመት ቆዩ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በተቃራኒው ሄዱ። ከቤተ መንግሥት ከወጡ በኋላ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ በምክር ቤትም የመራጮቻቸው ተወካይ ሆነው ተቀመጡ። እኔ የሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይገባኛል።

ባነሩ ከየት እንደተቀዳ አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር በርጫ ላይ ከሰዓት በኋላ አሜሪካ የማይነሳበት ቀን የለም። ሁሉም አንድ ዘመድ እዚያ አለው፤ ሁሉም ተንታኝ ነው። ክርክሩም አንድ ነው። «ሀብታም አይሰርቅም፤ ጠግቧል።» «ፖለቲከኛ ያወራል፤ ነጋዴ ይሠራል።» «ትራምፕን እዩ!»

እንይ እሺ። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረጡ፣ ከዚያ በፊት በምርጫም በመንግሥት ሹመትም በውትድርናም ሳያገለግሉ ፕሬዝዳንት የሆኑ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። በሕዝብ ድምፅ ከተፎካካሪያቸው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ አንሰው፣ በክፍለ ግዛት ወኪሎች ድምፅ አሸነፉ። የእነሱ ሕግ እንደዚያ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩ እጩዎች ለአሥርት ዓመታት የግብር ሰነዳቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ እሳቸው አላሳዩም። ድርጅታቸውንም አልሸጡም። አስተዳደሩን ለልጆቻቸው ሰጡ እንጂ ባለቤትነቱ ከእጃቸው አልወጣም። ደመወዜን አልወስድም ብለው ግን ለግሰዋል። በርጫ ላይ የሚነሳው ይቺ ደመወዝ ብቻ ናት። እርስዎም «ደመወዝ አልቀበልም» ብለዋልና ልንገርዎ፦ እኔን ያሳሰበኝ ደመወዝዎ አይደለም። እሱ ይታወቃል።

ከእሳቸው በፊት ሮስ ፔሮ የሚባሉ ባለሀብት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በራሳቸው ገንዘብ ተወዳደሩ። መሀል ላይ አቋርጠው ወጡ፤ ከዚያ ተመልሰው ገቡ። ከመቶ ወደ 19 የሚጠጋ ድምፅ አገኙ፤ ከወኪሎቹ ድምፅ ግን አንድም አላገኙም። ሰውዬውን የምወድላቸው አንድ ነገር አለ። የቴሌቪዥን ሰዓት በገንዘባቸው ገዝተው ሠንጠረዥ ይዘው ቀረቡ፤ የአገሪቱን ዕዳ በቁጥር አስረዱ። የእርስዎ መድረክ ላይ ዘፋኝ ነበር። ዘፈኑ ጥሩ ነበር። ቁጥር ግን አንድም አልሰማሁም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን አሜሪካ አይደለም፤ ማዳጋስካር ናት። ማርክ ራቫሎማናና በብስክሌት እርጎ እያዞሩ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ቲኮ የሚባለውን ትልቅ የወተት ድርጅት አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዋና ከተማዋ የአንታናናሪቮ ከንቲባ ሆኑ፤ በ2002 ፕሬዝዳንት። እንዲህ ያለ ታሪክ ማን ይጠላል? መንገድም አሠርተዋል። ቀስ በቀስ ግን የድርጅታቸው ጉዳይና የአገሩ ጉዳይ ተደባለቀ። የእሳቸው ድርጅት የተለየ ጥቅም ያገኛል የሚል ስሞታ በዛ። ከዚያ በ2008 ለአንድ የኮሪያ ኩባንያ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለ99 ዓመት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ወጣ። በዚያው ሰሞን በ60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፕሬዝዳንት አውሮፕላን ተገዛ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ2009 መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። መጋቢት ላይ ከሥልጣን ወረዱ። የተተኩትም በሌላ ከንቲባ ነው፤ እሱም የሙዚቃ ዝግጅትና የማስታወቂያ ነጋዴ ነበር።

ራቫሎማናና ሌባ ነበሩ ለማለት አይደለም። እኔ አንዲት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። የአንድ ሰው ሱቅ ከበዛ የአገሩ ደብተር የቱ ጋ ያልቅና የሱቁ ደብተር የቱ ጋ ይጀምራል? እርስዎ በጅቡቲ መንገድ የሚሠሩ ከባድ መኪናዎች አሉዎት። መጋዘንም አለዎት። ከተማችን ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ነጻ የንግድ ቀጣና አላት። ከድሬ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ፣ የሚወስደው መንገድ የክፍያ መንገድ ነው። ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ትራንስፖርት የሚወጣ ሕግ ሁሉ ኪስዎን ይነካል። ረቂቁ ምክር ቤት ሲቀርብ እጅዎን የሚያወጡት ለማን ነው? ያልተነበበችው ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር።

መፈክርዎ «አገርን እንደ ኩባንያ» ይላል። ስለዚህ ትንሽ ላስቸግርዎ፤ ስለ ኩባንያ የማውቀው አለኝ።

በዚህች ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያ ክፍል፣ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ለአንድ ባለሀብት ተሸጠ። ሰውየው የመጣው ከሌላ ከተማ ነው። ግቢው ውስጥ በሬ ታርዶ ድግስ ተደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ነን» አለ። እኛም እልል አልን፤ እኔ ራሴ ከፊት ሆኜ ነው እልል ያልኩት። ስምንት ወር አልቆየም። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ። ቀጥሎ ሰርቪሱ ቀረ። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ማሽን ይጫን ጀመር። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜ ሦስተኛው አምድ ላይ ነበር።

ሰውየውን አልረግመውም። ሒሳቡ አልሠራለትም፤ ዘጋ። ንብረቱ ነው፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። የተሰናበትን ሴቶች ከፋብሪካው በር ተነስተን ወዴት እንደሄድን ያውቃሉ? ቀበሌ። ወረፋ ያዝን፣ ተጨቃጨቅን፣ ተመላለስን። ቀበሌ ብዙ ነገር ነፍጎናል። ግን «እናንተ አታዋጡም፤ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቀበሌ ሰው አይደላችሁም» ያለን የለም። ሊለንም አይችልም። ኩባንያ የማያዋጣውን ሠራተኛ ይቀንሳል፤ የማይከፍለውን ደንበኛ ይተዋል። አገርን እንደ ኩባንያ ሲያስተዳድሩ የሚቀነሰው ማነው? እኔን የመሰለች፣ 58 ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ የእድር ደብተር ከመያዝ ሌላ ገቢ የሌላት ሴት በእርስዎ ሒሳብ ውስጥ የቱ ጋ ነኝ? ገቢ ነኝ ወጪ?

ልጄ እዚህ ላይ «እሱ ግን ሥራ ይፈጥራል» ይላል። ይፍጠር። ለዚያ ግን ምክር ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ሌላው ቅሬታዬ የስም ዝርዝሩ ነው። ልጆችዎ ቤት ለቤት እየዞሩ የመራጭነት ካርዳችንን ቁጥር መዝግበዋል። ለመዘገበ ቲሸርት፣ ለአንዳንዱም የስልክ ካርድ ሰጥተዋል። ከጎረቤቶቼ ሁለቱ «ቁጥሬን ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ብመርጥ ያውቁብኛል?» ብለው መጥተው ጠይቀውኛል። አያውቁባችሁም አልኳቸው። ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው። አንዷ ግን አላመነችኝም። ቲሸርቱን ለብሳ ነው የምትውለው፤ «ባይሆን ቢያዩኝ ይሻላል» ትላለች። በንግድ ይህ የደንበኛ መዝገብ ይባል ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን ሰው ሲመዘገብ ይፈራል፤ ምክንያቱን ታሪካችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

የደቻቱን ወንዝም ሳላነሳ አላልፍም። ባሰራጩት ወረቀት ላይ የመስታወት ሕንፃ ሥዕል አለ፤ የሚሠራው ደቻቱ ዳር ነው ይላል። አብዛኛውን ዓመት ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ዕቃ ይሸጥበታል። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ባዶ ቦታ ቢመስለው አይፈረድበትም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ ጎርፍ መጣ። ድሬ ላይ እምብዛም አልዘነበም ነበር፤ ውሃው ከላይ ከተራራው ነው የወረደው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእድራችን ብቻ በዚያ ሳምንት የቀበርናቸውን ስም በቀዩ መዝገብ ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ቤት አምስት ስም ነው። ሥዕሉን የሠራልዎ ሰው ይህን አያውቅም ይሆናል። እርስዎ ግን ተወካያችን ልሁን ብለዋል።

«ከሌላ ቦታ የመጣ» የሚለው ቃል እንዳያስቀይምዎ። ድሬ ሰው ከየት መጣህ አትልም። ራሷም ከውጭ የመጣች ናት። በ1895 ባቡሩ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣት ከብዶት እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በባቡሩ ዙሪያ ተተከለች። ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ህንድ፣ የመን፣ ሁሉም መጥቶ ነግዷል። ግሪክ ካምፕ የምንለው ሰፈር ስሙን ከየት አገኘ? ቀፊራ ገበያ ላይ በአንድ ሚዛን ዙሪያ በአራት ቋንቋ ይከራከራሉ። ነጋዴንም አንጠላም፤ እኛው ራሳችን ነጋዴ ነን። ታይዋን ከምንለው ገበያችን ብርድ ልብስ ያልገዛ ሰው ድሬን አያውቃትም። የድሬ ገዢ ግን ጨርቁን በጣቱ ሳያሽ፣ ወደ ብርሃን ሳያዞር፣ «መልስ አለው?» ሳይል ብር አይከፍልም። እርስዎን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችንን አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው በእድሩ ስም ነው፤ የቀሩት በራሴ።

የድንኳኑ ጥገና ወጪና የ6ቱ ወንበሮች ዋጋ ይከፈለን፤ 20,000 ብሩም ይወሰድልን። በዚያ እሑድ እናቱን ለቀበረው ልጅ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ደውለው ይቅርታ ይጠይቁት። በአስተባባሪ አይሁን።

«ቀጣዩ ፕሬዝዳንት» የሚለው ባነር ከከዚራና ከሳቢያን መንገዶች ይውረድ። የተመዘገቡበት ወንበር ስም ይጻፍበት። ቢመረጡ አምስቱን ዓመት የድሬ ተወካይ ሆነው ይጨርሱ እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ።

የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተመራጮችን ይመለከታል። እርስዎ አሁን፣ ገና ሳይመረጡ፣ ያለዎትን ድርጅትና የያዙትን አክሲዮን በአንድ ገጽ ጽፈው ይለጥፉልን። ጥቅምዎን የሚነካ ረቂቅ ሲቀርብ ከድምፅ እንደሚርቁም ቃል ይግቡ።

የመዘገባችሁት የመራጭነት ካርድ ቁጥር ሕዝብ ባለበት ይቀደድ። ቲሸርቱን ማስመለስ አያስፈልግም፤ ለሥራ ጥሩ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል ይላል። በየስድስት ወሩ ድሬ መጥተው በወረቀት ያልተጻፈ፣ ከአፍ የሚወጣ ጥያቄ ይመልሱ። ቀኑን ከአሁኑ ያሳውቁን።

የመጨረሻው፣ 36ቱ ወረቀቶች ናቸው። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለአስተባባሪ ኮሚቴዎ ልኬያለሁ። ዋናዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው። በእርሳስ የተጻፈችውን ግን አልላኩም፤ እሷን ለእርስዎ በእጅዎ ነው የምሰጥዎ። ልጁ ዕድሜው 17 ነው።

ድንኳኑን አሰፍተነዋል። በየትኛውም ቅዳሜ ሊመጡ ይችላሉ። ኪራይ አንጠይቅም፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ይነቀላል።

ከአክብሮት ጋር

የእድር ጸሐፊ፣ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ እና የተመዘገበች መራጭ
ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ